ሰፊ ሜዳ ይጠብቃል ወይስ ይላላል? አጥቢያችንን ስመዘግብ የያዝኳቸው ዕቃዎች

ይህን የምጽፈው የአጥቢያችንን የቦታ ስሞች ስመዘግብ ስለያዝኳቸው ሦስት ዕቃዎች ነው። አንዱ ከባሕር ዳር ሁለተኛ እጅ በ9,500 ብር የገዛሁት በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ነው። ሌላው ስልኬ ላይ በነፃ የጫንኩት የካርታ አፕ ነው። ሦስተኛው በ140 ብር የገዛሁት ባለ ጠንካራ ልባድ መዝገብ። አራተኛም አለ፤ ገንዘብ ስላላወጣሁበት መጀመሪያ ዕቃ ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር፣ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። የአምራቾቹን ስም አልጠራም። ጂፒኤሱ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ሳላውቅ ጥፋቱን በፋብሪካው ላይ መለጠፍ ነውር ነው። አፖቹም ቢሆኑ አምስት ስድስቱን ሞክሬ ከሞላ ጎደል አንድ ሆነውብኛል።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር 2013 ለአጎቴ ተዝካር አገር ቤት ገብቼ ነው። አገር ቤት ስል ምሥራቅ ጎጃም፣ ከብቸና ብዙም የማይርቅ፣ ዋልካ አፈር ላይ ያለ አንድ የማርያም አጥቢያ ማለቴ ነው። የእህቴን ልጅ «በሬዎቹ የት ዋሉ?» ስለው «ትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ማሳ ላይ» አለኝ። እናቴ ከምድጃው ዞር ሳትል «ትራንስፎርመር የሚባል ማሳ የለንም፤ ቄስ ማረፊያ በል» አለችው። ልጁ ሳቀ። የማሳውን መለያ ቁጥር ግን፣ አዲሱ የይዞታ ደብተር ላይ ያለውን ረጅሙን፣ አንድ ሳይስት በቃሉ ወረደው።

ልጁን አልወቅስም። በመጀመሪያው ዙር የመሬት ምዝገባ የተሰጠው አረንጓዴው ደብተር መሬቱን የሚያስረዳው በአዋሳኝ ነበር፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ እያለ። ሁለተኛው ዙር ካርታና ቁጥር ይዞ መጣ። ለክርክር ቁጥሩ ይሻላል፣ አልክድም፤ አዋሳኙ ሲሞት ወይም ወንዙ አቅጣጫ ሲቀይር የመጣውን ጣጣ ያየ ያውቀዋል። ግን እኛ አገር መሬቱ በ1967 በአዋጅ ከባለ ርስት እጅ ወጣ፣ በ1989 እንደገና ተሸጋሸገ፤ ሰዉ ሁሉ ሲሸጋሸግ ስሙ አብሮ አልተሸጋሸገም። ቄስ ማረፊያ በማንም እጅ ሲገባ ቄስ ማረፊያ ነው። እናቴ ማታ ቡና ላይ ከደጃፋችን እስከ ወንዙ ያሉትን ስሞች በጣቷ ስትቆጥር ሠላሳ አራት ደረሰች። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆችን የሮኪና የአንዲስ ተራሮችን ስም ሳስጠና ኖሬያለሁ። ከሠላሳ አራቱ የማውቀው ዘጠኙን ነበር።

እናም የ2013ን እና የ2014ን በጋ በዚህ ላይ አዋልኩት። የእርሻውን፣ የምንጩን፣ የሸጡን (የሸለቆውን)፣ የጉብታውን፣ የአሮጌ ድንጋዩን ስም፣ በአንድ አጥቢያ ክልል።

ጂፒኤሱ

ቢጫና ጥቁር ጎማ የለበሰ፣ ከእጅ የማይንሸራተት፣ ዝናብ የማይፈራ ነው። ወድቆብኝ ያውቃል፣ ምንም አልሆነ። ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ድንጋይ ለመመዝገብ ድንጋይ መግዛት ማለት ይኸው ነው። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ የባትሪ ድንጋይ ግማሽ ቀን አያደርስም፤ ጥሩው ሁለት ቀን ይሄዳል። ለወራት ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ መጀመሪያ ሲበራ ትዕግሥት ይፈልጋል። የሳተላይቶቹን ሙሉ መርሐ ግብር ከሰማይ እስኪያወርድ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት፤ በየጊዜው ከዜሮ እያስጀመርኩት ማለት ነው።

ትልቁ ጉድለቱ ፊደል ነው። የእኔ ዓይነቱ ግዕዝ ፊደል አይቀበልም። በላቲን ካፒታል ስትጽፍለት «ጠሻ» እና «ተሻ» አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ «ቀ» እና «ከ»ም እንዲሁ። ስለዚህ ስም መጻፉን ትቼ ቁጥር ብቻ ሰጠሁ፦ 001፣ 002፣ 003። የእህቴን ልጅ በቁጥር ስለተናገረ ስታዘበው ከርሜ እኔው ማሳውን በቁጥር መጥራት ጀመርኩ።

አሁን ወደ አደጋው። አንድ ቅዳሜ 31 ነጥብ ወሰድኩ። ከስክሪኑ እያየሁ ቁጥሮቹን በእስክርቢቶ መዝገብ ላይ ገለበጥኩ። ማታ ቤት ገብቼ ላፕቶፕ ላይ ስሰፍራቸው የቤተ ክርስቲያናችን የድንጋይ ደወል ከቅጽሩ ወጥቶ የሰው ጓሮ ውስጥ ተሰቅሏል። ምንጩ ኮረብታ ላይ ወጥቷል። ሁሉም ነጥብ እኩል፣ ከ200 ሜትር በላይ ሸርተት ብሏል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአገራችን የቀድሞ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩበት የልኬት መነሻ አዲንዳን ይባላል፤ «ዓባይ 1958» የሚሉትም አሉ፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። ሳተላይቶቹ የሚሠሩበት ሌላ ነው፣ ዳብልዩ ጂ ኤስ 84። ሁለቱ መነሻዎች ስለማይገጥሙ በአንዱ የተጻፈን ቁጥር በሌላው ካነበቡት ያ ሁሉ ሜትር ይሳታል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው፣ ምናልባት ከወረቀት ካርታ ጋር የሚሠራ ይሆናል፣ መሣሪያውን አዲንዳን ላይ አድርጎት ኖሯል። የእሱ ጥፋት አይደለም፣ ሴቲንጉን ሳላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ደግነቱ መሣሪያው በሆዱ የሚይዘው የሳተላይቱን ነው፤ አዲንዳን ለስክሪኑ ብቻ ነው። በኬብል ስገለብጠው ነጥቦቹ ትክክል ነበሩ። የተሳሳተው የእጄ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ያንን ገጽ በአንድ መስመር ሰርዤ አጠገቡ ትክክለኛውን ጻፍኩ። ሁለተኛ እጅ ጂፒኤስ የምትገዙ፣ ከሱቁ ሳትወጡ ይህን ሴቲንግ ተመልከቱ።

ሌላም ነገር አለው፤ ይህኛው የዕቃው ጥፋት አይደለም። ቀያሽ ያስመስላል። ከወንዙ አፋፍ ላይ ቆሜ ቀና ብዬ ሳተላይት ስጠብቅ አንድ አያ፣ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ከእርሻቸው ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኳቸው። አባቴን ያውቁታል።

«አባትህን መሬት ሊለካ የመጣ ሰው በዚህ በኩል ሲያልፍ ምን እንዳደረገው ነግሮህ ያውቃል?»

«አልነገረኝም።»

«እንግዲያስ እኔም አልነግርህም። ያንን ነገር ግን ኪስህ ክተተው።»

ከተትኩት። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር መጣ ሲባል ጎጃም «መሬታችን ሊለካ ነው» ብሎ በየበረሃው የወጣው፣ አውሮፕላን ቦምብ የጣለበት፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነስቶ ውዝፍ ግብሩ የተማረው፣ ለእኛ የታሪክ ትምህርት ነው፤ ለእሳቸው የጉርምስና ዘመናቸው ነው። 1989ንም አልረሱትም፤ በደርግ ጊዜ ሹም ነበር በሚል «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ሰው አሁንም በዚያ መንደር ይኖራል። የመጀመሪያው ወር ሥራዬ ሁሉ እንዲህ ሄደ።

መፍትሔው ከዕቃው አልመጣም። ቄሰ ገበዙ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆመው ምን እንደምሠራ ተናገሩ፤ ከዚያ ሰንበቴው ላይ እኔ ራሴ መዝገቡን ይዤ ገባሁ። ሦስት ነገር ቃል ገባሁ፦ የማሳውን ስም እንጂ የባለ ይዞታውን ስም አልጽፍም፣ ስፋቱን አልለካም፣ ድንበር ላይ አልቆምም፤ ነጥቡን የምወስደው ከማሳው መሐል ወይም ከመንገድ ነው። በማግስቱ እኒያው አያ ራሳቸው ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ጂፒኤሱን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት አላወጣሁትም። ስልክ ሁሉም ሰው ይዟል፣ ማንንም አያስፈራም።

(ይህ በ2013 እና በ2014 የሆነ ነው። ዛሬ ማንኛውንም መሣሪያ ይዞ ማሳ ለማሳ መዞርን ለማንም አልመክርም፤ ለምን እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።)

አፑ

ብዙ ሰው «እዚያ ኔትወርክ የለም፣ እንዴት ይሠራል?» ይለኛል። ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም። ስልኩ የሚያዳምጠው ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉትን ሳተላይቶች ነው፤ አራት ካገኘ ይበቃዋል። ኔትወርክ የሚያስፈልገው የካርታውን ሥዕል ለማውረድ ነው፣ ያንን ደግሞ ብቸና ወይም ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ ቀድማችሁ ታወርዳላችሁ። ሲም ካርዱን አውጥቼም ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

ትክክለኛነቱ ሜዳ ላይ ከአሮጌው ጂፒኤስ ጋር እኩል ነው፤ አራት አምስት ሜትር። ስክሪኑ ላይ በነጥቡ ዙሪያ ክብ ይሠራል፤ ክቡ ሲጠብ መተማመን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ፣ ወይራውና ጽዱ ሰማዩን በሸፈነበት፣ ክቡ እስከ 15 ሜትር ይሰፋል። እዚያ ሁለት ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ መቆም ነው፤ ካልሆነም ከደኑ ወጥቶ ነጥብ ወስዶ ርቀቱን በእርምጃ መቁጠር። መምህር ስለሆንኩ እርምጃዬን ለክቼዋለሁ፤ 72 ሳንቲ ሜትር።

በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ይህ ብቻውን ከጂፒኤሱ ያስበልጠዋል። ፍለጋው ግን ያናድዳል። «ጸበል» ብዬ የመዘገብኩትን ምንጭ «ፀበል» ብዬ ስፈልገው የለም ይለኛል። ሀ እና ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ለሰው ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለአፑ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ የጎጃም ሰው ስም ሲጠራ ከንፈሩን አሞጥጦ «ጐ» የሚለውን እኔ «ጎ» ብዬ ጽፌ፣ አንዴም «ጐ» ብዬ ጽፌ፣ አንዱ ጕድባ ሁለት ሆኖ ተመዝግቦብኛል። መሪጌታውን ባማክራቸው ሥርዓት ሠሩልኝ፦ ስሙ ከግዕዝ የመጣ ከሆነ እሳቸው በሚሉኝ ፊደል፣ ካልሆነ በቀላሉ ፊደል፤ ከንፈር የሚያሞጥጠውን ግን እንደ አጠራሩ። «ሠዓሊ»ን በእሳት ሰ የጻፍኩበትን ገጽ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተማሪ ሆኜ የነበረበት ጊዜ ትዝ አለኝ።

ባትሪ፦ ስክሪኑ በርቶ ፀሐይ ላይ ሲዋል ስልኩ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አይደርስም። ፓወር ባንክ ግዴታ ነው።

አራተኛው ዕቃ

አሁን ሰፊ ሜዳ ላይ ደርሰናል።

ከትምህርት ቤቱ በታች ያለች ማሳ ናት። እናቴ «ሰፊ ሜዳ» ብላኝ ጻፍኩ። በቦታው ስሄድ ግራ ገባኝ፤ ሜዳውስ ሜዳ ነው፣ ስፋት ግን የለውም። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር በሚሞላበት አገር ይህቺ ግማሽ ቃዳ እንኳ አትሞላም፤ ከላይ ድንጋያማ ተረተር፣ ከታች ሸጥ ይዟታል። የሚያርሰውን ልጅ ጠየቅሁት፤ «ድሮ ሰፊ ነበረች ይሆናል፣ ሸጡ በልቷት ነው» አለኝ። ጥሩ ማብራሪያ ነው፤ መሸርሸር አስተምር የለ፣ ወደድኩት፣ መዝገቡ ላይም አሰፈርኩት።

ማታ የእናቴን ድምፅ፣ ስልኩ ላይ ባለችው ተራ ድምፅ መቅጃ የቀዳሁትን፣ ደግሜ ስሰማ ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘው። እናቴ «ሰፊ» ስትል ፊ አይጠብቅም። ይላላል። ልብስ ሰፊ እንደምንለው። ስፋት ያለው ነገር ሲሆን ፊው ይጠብቃል፣ መርፌ የያዘው ሰው ሲሆን ይላላል፤ በጽሑፍ ግን ሁለቱም ያው ሰ እና ፊ ናቸው። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ እኔ ጽፌ ሳነበው በራሴ አፍ አጥብቄ አነበብኩት። ስምዋን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴን ጠየቅኋት።

«እማ፣ ሰፊ ሜዳ ሰፍቶ ነው ወይስ ልብስ ሰፊ ነበረበት?»

«ምኑ ይሰፋል? የሰፊው ነው እንጂ።»

«የማን ሰፊ?»

«አያቴ ሳለች ነው የሚሉት። ኸጣና ማዶ የመጣ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ የሰፋ። ለድካሙ ሰጡት። ልጅ አልነበረውም።»

ለሰባ ሰማንያ ዓመት ያህል በአንዲት ፊ መላላት ብቻ የቆየ ሰው ነው። የሚያርሰው ልጅ አጥብቆ ነው የሚጠራው፤ በሸጡ ማብራሪያም ያምናል። የእናቴ እኩዮች ሲያልፉ ያ ሰው ከምድር ላይ ጨርሶ ይጠፋ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስም በጆሮዬ ብቻ ሰምቼ አልጽፍም። ሰውየው ወይም ሴትየዋ በቦታው ቆመው፣ ስሙን ሦስት ጊዜ፣ አንዴ ለብቻው፣ ሁለቴ በዓረፍተ ነገር ውስጥ («ሰፊ ሜዳ ወረድኩ»፣ «ኸሰፊ ሜዳ መጣሁ») እንዲሉልኝ አደርጋለሁ። ፋይሉ ቁጥር ይወጣለታል። መዝገቡ ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ሁለት ነጥብ አኖራለሁ። ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተር ፊደላትን የሚለይበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ለዚህ ምልክት ቦታ ሰጥቶታል፤ የስልኬ ኪቦርድ ግን ስለሌለው አፑ ውስጥ «ጠብቆ» «ላልቶ» ብዬ በቃል እጽፋለሁ። ሁለቱን በጋ ከያዝኳቸው ዕቃዎች ሁሉ ይህቺ ድምፅ መቅጃ ትበልጣለች። ማንኛውም ስልክ ላይ አለች፣ ዋጋ የላትም፣ ስለ እሷ ግምገማ የሚጽፍም የለም።

ስለ ትርጉም ሌላ ምክር አለኝ። ከመዘገብኳቸው ስሞች ውስጥ በአማርኛ የማይፈቱ ብዙ ናቸው። ጎጃም ውስጥ አገውኛ ዛሬም አለ፤ ጋፋትኛ ደግሞ ነበረ። ቮልፍ ሌስላው የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ በ1939 ገደማ ጎጃም ወርዶ ሲፈልገው ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ፤ ዛሬ አንድም የለም። ስለዚህ ያልገባንን ስም ወደ አማርኛ እየጎተትን «ይህ ማለት እኮ እንዲህ ማለት ነው» ማለት ደስ ይላል፣ ግን የሌላ ሰው ልብስ ማጥበብ ነው። እኔ በዚያ ዓምድ «አይታወቅም» ብዬ አልፋለሁ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ሥራ ያልጨረስኩ ይመስላቸዋል።

ድንጋዮቹ

ትላልቆቹ ድንጋዮች ጎብኚ አላቸው። እቴጌ እሌኒ ያሠራችውን የመርጡለ ማርያምን ጥርብ ድንጋይ ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ የጥያ ትክል ድንጋይም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ቆየ። የእኛ አጥቢያ ድንጋይ የሚጎበኘው ከብት ነው፣ ጎኑን ሊያክክ።

አንዱ ማሳ መሐል የቆመ፣ ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከ35 የሚሆን፣ ጫፉ ሹል ነው። የግራኝ ድንጋይ ይሉታል። እንግዲህ ማን እንደተከለው የማይታወቅ ድንጋይ ሁሉ በአገራችን ለግራኝ ይሰጣል፤ ሰውየው ይህን ሁሉ ድንጋይ ሲተክል ኖሮ ቢሆን በ1535 ወይና ደጋ ላይ እስኪሞት ድረስ መቼ እንደተዋጋ ይገርመኛል። ገበሬው ሲያርስ ድንጋዩን እየዞረ ያልታረሰ የሣር ቀለበት ትቶለታል፤ «አባቴ አልነካውም፣ እኔም አልነካውም» ነው ያለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም።

ፎቶ ሳነሳው ስልኩ ስለ ብርሃን አንድ ነገር አስተማረኝ። ቀትር ላይ 6 ሰዓት ያነሳሁት ምንም አያሳይም፣ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ያነሳሁት ላይ ግን ሦስት አግድም ጭረት ወጣ፤ ጥልቀታቸው የጣት ጥፍር የማይሞላ። ልቤ ዘለለ። ጽሑፍ! ማኅተም! እንደዚያ እያልኩ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ አንድ እረኛ መጣ፣ ምንም ሳይል ማጭዱን አውጥቶ እዚያው ጭረት ላይ ሳለ። ሁለት ጊዜ ሳል፣ ሳል አድርጎ በአውራ ጣቱ ስለቱን ሞከረና ሄደ። ድምፁን ቀድቼዋለሁ። መዝገቡ ላይ «የማጭድ መሳያ፣ እስካሁን በሥራ ላይ» ተብሎ ሰፍሯል።

አንድ ነገር እንድትጠነቀቁ፦ ጭረት ይታየኛል ብላችሁ ድንጋዩን በኖራ አታስምሩ፣ በውኃ አትፈግፍጉ፣ በላዩ የበቀለውን ቅርፊት አትፋቁ። ከጎን የምትመጣ ብርሃን ትበቃለች፤ ማታ ባትሪ ከጎን ብታበሩም ያው ነው። ሥሩን መቆፈርማ ጭራሽ፤ በቅርስ አዋጁ በ209/1992 ያለ ፈቃድ ቁፋሮ ክልክል ነው።

ጉብታው ላይ ደግሞ ዐለት ላይ የተፈለፈለ ገበጣ አለ፤ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጕድጓድ። ጠርዛቸው በእጅ ብዛት እንደ ሳህን ለስልሷል። እዚያ ቦታ ላይ ስም የነገሩኝ ሁሉ እረኛ ሆነው የተጫወቱ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶቹ «እኛ ምን ጊዜ ነበረን» ብለው ሳቁብኝ። የውኃዎቹን ስም ደግሞ ወንዶቹ አያውቁትም። አንድ ሸጥ ውስጥ ወንዶች አንድ ምንጭ ብቻ ነው ያሉኝ፤ ሴቶቹ ለመጠጥ፣ ለልብስ፣ ለከብት ብለው ሦስት ስም ሰጡኝ። ከወንዶች ጋር ብቻ የሚዞር ሰው ግማሹን ነው የሚመዘግበው።

የድንጋይ ደወሉን ስመዘግብ ጂፒኤሱም አፑም ሥራ ፈቱ። ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ ሦስት ረጃጅም ድንጋዮች ናቸው፤ በሌላ ድንጋይ ሲመቱ ያቃጭላሉ። ሦስቱም በአንድ ነጥብ ላይ ናቸው፤ ለሳተላይቱ አንድ ነገር ናቸው። ዲያቆኑ ግን ዓይኑን ጨፍኖ በድምፃቸው ይለያቸዋል። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ሦስተኛው ጠርዙ ስለተሸረፈ ትንሽ የሚያጉረመርም። ሦስቱን ለየብቻ አስመትቼ ቀዳሁ።

መዝገቡ

140 ብር፣ ሁለት መቶ ቅጠል፣ ስፌቱ ጠንካራ ነው። ሁለት በጋ በሻንጣ ኖሮ አንድ ቅጠል አልተነቀለም። ስልኩ በመሐል አንዴ ሞቶ ሁለት ሳምንት ብቸና ጠጋኝ ቤት ሰንብቷል፤ መዝገቡ አንድም ቀን አልታመመም። እስክርቢቶው ላይ ግን ገንዘብ አትቆጥቡ፤ ላብ ሲነካው የሚፈስ ቀለም ሦስት ገጽ አበላሽቶብኛል።

በንጹሕ ተተይቦ ይታተምልኝ ብዬ አንድ ጽሕፈት ቤት የሰጠሁት ዕለት ግን የተሠራልኝን ላሳያችሁ ብችል ደስ ባለኝ። ከፊደሉ ላይ ሁለት ነጥብ ያለበት ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ታትሟል። 46 ገጽ ሳጥን ከፈልኩ። ልጅቷ «ጋሼ፣ ነጥቡን እናጥፋዋ፣ ያምራል» አለችኝ። ነጥቡን ለማዳን ነው እኮ ይህ ሁሉ። በመጨረሻ ንጹሑን በእጄ ጻፍኩትና ፎቶ ኮፒ አስደረግሁት፤ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ነው። ድምፁ በሁለት ፍላሽ ተገልብጧል።

ከስሞቹ የተወሰኑትን፣ ወንዞቹን፣ ጎጦቹን፣ ጉብታዎቹን፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ አስገብቻቸዋለሁ። ከ2004 በፈረንጅ ጀምሮ ማንም ሰው እየጨመረበት የሚያድግ ነፃ ካርታ ነው፤ አማርኛውን ለብቻ፣ የቀድሞውን ስም ለብቻ የሚጻፍበት ቦታ አለው። ደብረ ማርቆስን መንቆረር የሚሉ ሽማግሌዎች ዛሬም ስላሉ ይህ የቀድሞ ስም ቦታ ለጎጃም ሰው የተሠራ ይመስለኛል። ዋሻዎቹንና በክፉ ቀን መጻሕፍት የተሸሸጉባቸውን ቦታዎች ግን አላስገባሁም፤ መዝገቡ ላይም ስማቸው እንጂ ነጥባቸው የለም። ይህ የቄሰ ገበዙ ትእዛዝ ነው፣ እኔም የማምንበት ነው። የአጥቢያዬን ስም እዚህ ያልጻፍኩትም ስለዚሁ ነው።

ለምትገዙ፦ ጂፒኤሱን አትግዙ፤ እኔም በ8,000 ብር ለአንድ የግብርና ባለሙያ ሸጬዋለሁ፣ አዲንዳኑን ነግሬው ነው። ስልካችሁ ይበቃል። ያንን ገንዘብ በፓወር ባንክ፣ በጥሩ እስክርቢቶ፣ በሁለት ፍላሽና ለሚያስጎበኟችሁ ሰዎች በቡናና በስኳር አውሉት። ለጂፒኤሱ ከአምስት ሁለት፣ ለአፑ ሦስት ተኩል፣ ለመዝገቡ አራት ተኩል፣ ለድምፅ መቅጃዋ አምስት።

የቀረኝ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጥ ነው። እዚያ አንድ እማሆይ አሉ፤ ሁሉም ሰው «እሳቸውን ጠይቅ» ይለኛል። ሄጄ ደጃቸው ላይ ተቀምጬ መቅጃዋን ከፍቼ «እማሆይ፣ ከዚህ እስከ ገደሉ ያሉትን ስሞች ይንገሩኝ» ብላቸው ገደሉን ትኩር ብለው አዩት።

«ተቀምጬ አይመጣልኝም ልጄ። ስሙ የሚመጣልኝ ሳየው ነው። እግሬ ደግሞ አይወስደኝም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይህንን እቤትህ ትተህ በቅሎ ይዘህ ና።»